ጠብቶ የሚያቀረሽ ሞተር

ስለ ሞተር ላወራችሁ ነውና መኪና የማይጥማችሁ አንባቢዎች ከወዲሁ አትሽሹኝ። ሞተሩ ሰበብ ነው። የተበላሸው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን እኔም ያገኘሁት በአራተኛው ቀን ነው፣ ያውም ቆሽቴ አርሮ ካበቃ በኋላ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ታከለ እባላለሁ። ጎንደር ከተማ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት መካኒክ ነበርኩ። በፈረንጅ ዘጠና አንድ ላይ ከባለቤቴ ከእንጉዳይ ጋር በአውሮፕላን መጣን፤ እዚያም እዚህም ስንባል ቆይተን መጨረሻ ላይ ሐደራ ከተማ፣ ጊቫት ኦልጋ የሚባል ሰፈር ቤት ደረሰን። የመጀመሪያ ልጃችን ሺራ እዚያው ተወለደች። ሥራም አገኘሁ። ከከተማው ዳር ጋራዦች የተደረደሩበት ሰፈር አለ፤ እዚያ ሺሞን የሚባል ሰውዬ ሙሳኹ ውስጥ ቀጠረኝ። ሙሳኽ ማለት ጋራዥ ነው። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? መጥረግ። ወለል መጥረግና ግራሶ የጠጣ ብረት ማጠብ። አሥራ አራት ዓመት ሞተር ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው መጥረጊያ ይዞ በሰው መኪና መሀል ሲዞር እስኪ አስቡት።

ሺሞን ክፉ ሰው አልነበረም። ይጮኻል እንጂ ምሳውን ያካፍላል። ግን መካኒክ ነኝ ባልኩት ቁጥር መልሱ አንድ ነው። «ታከለ፣ እዚህ አፍሪካ አይደለም። እዚህ በእጅ አይሠራም፣ በዳፍ ነው የሚሠራው» ይለኛል። ዳፍ የሚለው ወረቀቱን ነው፣ ገጹን። መደርደሪያው ላይ ወፋፍራም ክላሰሮች ነበሩት፤ የእያንዳንዱ መኪና ልክ እዚያ ገጾች ላይ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ኡልፓን፣ ያ ዕብራይስጥ የሚያስተምሩበት ቤት፣ ሦስት ወር ተቀምጬ ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። አፌ ትንሽ ትንሽ ይላል እንጂ ዓይኔ ፊደሉን አይጨብጠውም። ይህን ለሺሞን አልነገርኩትም። ለምን ብዬ?

ታዲያ አንድ ቀን አባ ይስማው መጡ። አባ ይስማው በሱዳን በኩል በእግራቸው ከመጡት ቀደምቶች ናቸው፣ የኦልጋ ጎረቤታችን። የሐደራ ገበያ ድንችና ሽንኩርት የሚያወርዱባት፣ ኋላዋ ክፍት የሆነች አሮጌ ቴንደር ነበረቻቸው። ከእሳቸው በፊት ስንት ሰው እንደነዳት እግዜር ይወቅ። ሺሞን ፊት ቆሙና በዕብራይስጣቸው «ይህችን መኪና ከታከለ በቀር ማንም እንዳይነካብኝ። እሱ የጎንደር መካኒክ ነው» አሉ።

ሺሞን እኔን አየኝ፣ መጥረጊያውን አየ። «እሺ፣ ሥራት። ግን በዳፉ። በደንብ ከሄደች የመሥሪያ ጠረጴዛ እሰጥሃለሁ፣ መካኒክ ነህ። ካልሄደች ግን ይህን የመካኒክነት ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ» አለኝ።

ደስታዬን አልነግራችሁም። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን አጠብኩ፣ የቫልቮቹን ክፍተት አስተካከልኩ። ለማታውቁት፣ ሞተር በአንድ በር አየርና ቤንዚን ያስገባል፣ በሌላ በር ጭስ ያስወጣል። ቫልቭ የሚባሉት እነዚህ በሮች ናቸው። ብረት ሲግል ያብጣል፤ ስለዚህ ከያንዳንዱ ቫልቭ ጀርባ ጥቂት ክፍተት ይተውለታል፣ በስስ የብረት ቅጠል ይለካል። ሺሞን ዳፉን ከክላሰሩ አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለት ዓምድ ነው፤ በአንዱ ትልቅ ቁጥር፣ በሌላው ትንሽ ቁጥር፣ ከየቁጥሩ በላይ አንዳንድ የዕብራይስጥ ቃል። ቃሉን ተውኩት። ቁጥር ቁጥር ነው፣ ጎንደርም ሐደራም ያው ነው አልኩ። የመጀመሪያውን ቁጥር ለማስገቢያው፣ ሁለተኛውን ለማስወጫው አድርጌ ቆለፍኩ። እውነቴን ነው፣ እጄ ቅር ብሎት ነበር። ጎንደር እንዲህ አልነበረም የምሠራው። ልጠይቅ ብዬ አፌን ከፈትኩና «በዳፍ ነው የሚሠራው» የሚለው ትዝ አለኝ። ዘጋሁት።

መኪናዋ ተነሣች። አባ ይስማው መርቀውኝ ሄዱ።

እሑድ ጠዋት ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ ነገሩ ግራ ነው የገባኝ» አሉኝ። «ስትነሣ ምንም አትል። ገበያ ደርሼ ስመለስ ግን ያችን ወደ ኦልጋ የምታወጣውን ዳገት እንቢ አለች።»

ያቺ ዳገት ደግሞ ዳገት ተብላ ነው። የኛ አገር ሰው ሜዳ ነው የሚላት። ሺሞን የእመቃ መለኪያውን ወረወረልኝ። ፒስተን አየሩን አጥብቆ ካልጨመቀው ሞተር ጉልበት አይኖረውም፤ ያንን የሚለካ ሰዓት የመሰለ ዕቃ አለ። ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ ላይ ይገጠማል፣ ሞተሩ ሲዞር ቀስቱ የት እንደደረሰ ይታያል። ካንዴላው እጅ እንዳያቃጥል ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ አራቱንም ለካሁ። አራቱም ደህና።

«በሴደር» አለ ሺሞን። ደህና ነው ማለቱ ነው። «መኪናዋ ምንም የላት። እየነዳህ ሂድ» አላቸው አባ ይስማውን። ሺሞን ለሽማግሌውም አንተ ነው የሚለው፤ ዕብራይስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ይቆረቁረኝ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት አባ ይስማው በእግራቸው መጡ። ድንቹ ከነመኪናዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። በሺሞን መኪና ሄደን እስክንደርስ ሞተሩ በርዶ ነበር። ሺሞን ቁልፉን ሲያዞረው አንዴ እንኳ ሳያንገራግር ተነሣ።

«መንዳት አይችልም፣ ሽማግሌ ነው» አለኝ ሺሞን።

«ሃያ ኩንታል ጭኜ ሳልነዳ አልቀረሁም በለው» አሉኝ አባ ይስማው። «ወይም ተወው፣ አትበለው።»

ደሜ ፈላ። ከሰው ፊት ይበላሻል፣ ከመካኒክ ፊት ጨዋ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ መኪና ጠላት ነው። ማታ ቤት ገብቼ እንጉዳይን ያለ ምክንያት ተቆጣኋት። እሷም «መኪናዋን ሂድና ተቆጣት» ብላኝ ልጇን ይዛ ተነሣች። እውነቷን ነበር።

ማክሰኞ አንድ ነገር ገባኝ። የለካሁት እኮ ሞተሩ በርዶ ሳለ ነው። አባ ይስማው ደግሞ የሚሉት ሲግል ነው። ሰው አሞኛል የሚለው ሌሊት ሆኖ ሐኪሙ ቀን ቀን ብቻ ቢያየው ምን ይገኛል? ቴንደሯን አንድ ሰዓት ሙሉ በሐደራ መንገድ አዞርኳት። ሙሳኽ ገብቼ ካንዴላዎቹን በትኩሱ ፈታሁ፣ ሁለት ጣቴን ተቃጠልኩ። መለኪያውን ገጠምኩ። ቀስቱ እሑድ ከደረሰበት ግማሹ ላይ ቀረ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ያው።

ሺሞን መጥቶ አየ። «ኮምፕረሲያ የለም። ሞተሩ አልቋል» አለ። ኮምፕረሲያ የሚለው እመቃውን ነው።

«ዘይት እንሞክር» አልኩት። ይህን ማንም ዳፍ አላስተማረኝም። ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጠብ ታደርጋለህ። ቀስቱ ከፍ ካለ የፒስተኑ ቀለበቶች ናቸው ያረጁት፤ ዘይቱ ደፈነላቸው ማለት ነው። ንቅንቅ ካላለ አየሩ የሚያመልጠው በቫልቮቹ ነው። ጠብ አደረግሁ፣ ሞተሩን አዞርኩት። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም።

«ቫልቮቹ ናቸው» አልኩ።

«እንግዲያው ተቃጥለዋል። ሐሙስ ጠዋት የሞተሩን ክዳን አወርደዋለሁ፣ እኔ ራሴ። የዚያ ሥራ ዋጋ ከመኪናዋ ይበልጣል፣ ለሽማግሌው ቢጥላት ይሻላል በለው» አለኝ። ቀጥሎም መጥረጊያውን ከግድግዳው አንሥቶ አጠገቤ አስደገፈው።

እንግዲህ አስቡት። አባ ይስማው እኔን አምነው መኪናቸውን ሊጥሉ ነው። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ከዚያ መጥረጊያ ጋር ልቀር ነው። ረቡዕ ሞተሩ በርዶ ሳለ የቫልቮቹን ክፍተት እንደገና ለካሁ። ቅጠሉ ልክ እንደሚገባው ጥብቅ ብሎ ያልፋል። ደግሜ ለካሁ፣ ያው። ዳፉ ልክ፣ እኔ ልክ፣ መኪናዋ ስህተት። ጨርቄን ልጥል ደረስኩ። ዳፉን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና በአራት ሰዓት ተኩል፣ በነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አውቶቡስ ይዤ ኦልጋ ገባሁ።

እንጉዳይ ሺራን ይዛ ከቲፓት ኻላቭ መመለሷ ነበር። ቲፓት ኻላቭ ሕፃናት የሚመዘኑበት ክሊኒክ ነው፤ ስሙ የወተት ጠብታ ማለት ነው። ልጅቱን ትከሻዬ ላይ አስተኛችልኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት፣ ዓይኔ እንዳያየው ዞርኩ። እሷ አነሣችው።

«ይሄ የሺራ ወረቀት አይደለም ወይ? ምን አድርገህ ነው ዘይት በዘይት ያደረግኸው?»

«የምን የሺራ። የሥራ ነው፣ አስቀምጪው።»

«ይኒካ ይላል እኮ።»

«ይበል፣ ተዪው።»

«ፕሊታም ይላል። ይሄውልህ። ነርሷ የምትጽፈው ነው።» ከቦርሳዋ የልጅቱን ደብተር አወጣች፣ አጠገብ ላጠገብ ዘረጋቻቸው። እንጉዳይ ኡልፓን አላቋረጠችም፤ እርጉዝ ሆናም ትሄድ ነበር። «አየህ? ይኒካ፣ ይኒካ። አንድ ነው። ታዲያ ሙሳኽ ውስጥ ልጅ ታጠባላችሁ?»

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ቃሉ ግን መሀል ላይ ያዘኝ።

«ቆይ እስኪ። ይኒካ ምንድን ነው ያልሽኝ?»

«መጥባት ነዋ። በሄድኩ ቁጥር ይኒካዋ እንዴት ነው ትለኛለች ነርሷ። ደህና ትጠባለች እላታለሁ። ከዚያ ደግሞ ፕሊታ አላት ወይ ትላለች።»

«ፕሊታስ?»

ሺራ ራሷ መለሰችልኝ። የጠባችውን ሁሉ ትከሻዬ ላይ ለቀቀችው፣ ትኩሱ በአንገቴ ወረደ። እንጉዳይ ጨርቅ እያነሣች «ፕሊታ ይሄ ነው። ማቅረሸት» አለች።

የሚጠባ፣ የሚያቀረሽ። አየር የሚያስገባው ቫልቭ፣ ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ።

«እንጉዳይ» አልኳት፣ «የሚጠባው በየት በኩል ነው የተጻፈው?»

«በቀኝ ነዋ። መጀመሪያ እሱ ነው፣ ከቀኝ አይደል የሚነበበው።»

ቁጭ አልኩ። ፊደላቸው ከቀኝ ይነበባል፣ ቁጥራቸው ግን እንደኛ ከግራ ነው። እኔ ቁጥሩን ብቻ አይቼ ከግራ ጀመርኩ። የግራው ትልቁ ቁጥር የማስወጫው ነበር፤ ለማስገቢያው ሰጠሁት። ትንሹን ክፍተት ደግሞ ለማስወጫው። እሳት የሚችለው እሱ፣ ሲግል የሚያብጠው እሱ። ሲበርድ ይዘጋል፣ ሲግል ግን ክፍተቱ ስለማይበቃው ገርበብ ብሎ ይቀራል፣ አየሩም በዚያ ያመልጣል። አራቱም ላይ እንዲያ ነው ያደረግሁት። የሚገርማችሁ፣ ሰፊው ለማስወጫው እንደሆነ እጄ ከጎንደር ጀምሮ ያውቃል። ቅር ብሎት ነግሮኝ ነበር። እኔ ወረቀት አምኜ እጄን ዝም አሰኘሁት፤ ወረቀቱን ደግሞ ማንበብ አልችልም። አንዱን ሲጠይቁ ማፈር፣ ሌላውን ሲያውቁ መጠራጠር፣ ከዚህ የባሰ ምን አለ? ተናደድኩ። ሺሞንን ሳይሆን ራሴን። እንጉዳይ ትከሻዬን እየጠረገች «ምን አደረግሁህ?» አለችኝ። ምንም አላደረገችኝም፤ መኪና ነው የሠራችው።

ሐሙስ ሺሞን በር ሲከፍት እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ክዳኑን ሊያወርድ መፍቻውን ይዟል።

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ስጠኝ ብቻ።»

ትከሻውን ነቅንቆ ቡናውን ሊያፈላ ገባ። እኔ ቀጭኑን ቅጠል ለሚጠባው፣ ወፍራሙን ለሚያቀረሸው አድርጌ ስምንቱንም ቫልቭ አስተካከልኩ። አባ ይስማው የመኪናቸውን ፍርድ ሊሰሙ የደረሱት እየቆለፍኩ ሳለ ነው። ሞተሩ እስኪግል አዞርነው፣ መለኪያውን በትኩሱ ገጠምኩ። ቀስቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከደህናው ልክ ላይ ቆመ። አራቱም። ሺሞን መለኪያው የተበላሸ መስሎት መታ መታ አደረገው።

ሦስታችን ጋቢናው ውስጥ ተጣበን ወጣን። አባ ይስማው ይነዳሉ። ኋላ ከገበያ የቀረ ሽንኩርት ተጭኗል። ያቺን ዳገት አንዴ ወጣናት፣ ዞረን ተመለስንና እንደገና ወጣናት። አባ ይስማው ጫፍ ላይ አቁመው ለሺሞን «አላልኩህም? የጎንደር መካኒክ ነው አላልኩህም?» አሉት።

ሺሞን ወደ እኔ ዞረ። «ምን ነበረ?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ልዋሻችሁ አልፈልግም። መዋሸት ፈልጌ ነበር። ቫልቭ ተጣብቆ ነበር፣ አላቀቅሁት ማለት ይበቃል። ማንም አያውቅብኝም። ጠረጴዛዬን አገኛለሁ፣ አባ ይስማውም ኦልጋን ሙሉ ስሜን እያነሡ ይዞራሉ። ግን ደግሞ ነገ ሌላ ዳፍ ይመጣል። ከነገ ወዲያ ሌላ። በየወረቀቱ እንዲህ ልቃጠል ነው?

መጀመሪያ በአማርኛ ተናገርኩ። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። መኪናዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ገልብጬ አንብቤው ነው።»

አባ ይስማው መሪውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ በመጣሁ በሳምንቴ ጨው መስሎኝ የልብስ ሳሙና ገዝቼ ወጥ ውስጥ ጨምሬያለሁ» አሉኝ። «ሰባት ሰው ነው ያበላሁት። ለዚህ ንገረው፣ እሱ ነው የከበደህ።»

ለሺሞን በዕብራይስጥ ነገርኩት። ፊቱ ቀላ።

«አራት ቀን ሙሉ ያቃጠልከኝ ዳፍ ማንበብ ስለማትችል ነው? ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ብጠይቅህ መጥረጊያውን ትሰጠኝ ነበር።»

«እጅህስ? አሥራ አራት ዓመት ሠራሁ ትል የለ? ሰፊው ለየትኛው እንደሆነ እጅህ አያውቅም?»

«ያውቃል። አንተ ግን እዚህ በእጅ አይሠራም ብለኸኛል።»

ሙሳኽ ተመለስን። ሺሞን ወርዶ ወደ ቢሮው ገባ፤ አለቀልኝ አልኩ። እስክሪብቶና ቡናውን ይዞ ተመለሰ። ዳፉን ከእኔ ተቀብሎ መኪናዋ ላይ ዘርግቶ «ጻፍ። በራስህ ፊደል ጻፍ» አለኝ። በቀኙ ዓምድ ላይ የሚጠባ፣ በግራው ላይ የሚያቀረሽ ብዬ ጻፍኩ።

«ምን ይላል?»

ነገርኩት። ሳቀ፣ ቡናውን ደፋ። «ሠላሳ ዓመት ይህን ሳነብ ስኖር ስለ ሕፃን አስቤ አላውቅም» አለ። ዳፉን ወደ ክላሰሩ አልመለሰውም፣ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ጠረጴዛውንም ሰጠኝ። መጥረጊያውን ግን አልወሰደብኝም፤ ሌላ ሰው እስኪቀጥር ስምንት ወር ሁለቱንም ሠራሁ፣ በየቀኑም እያጉረመረምኩ።

በዚያው ሳምንት ወደ ኡልፓን ተመለስኩ፣ ከሥራ በኋላ። መጀመሪያ ያስተማረችኝ ግን እንጉዳይ ናት፣ በሺራ የክትባት ደብተር። እናንተም እንደኔ አገር ቀይራችሁ፣ ሥራ ቀይራችሁ፣ እያወቃችሁ እንደማያውቅ የተቆጠራችሁ ካላችሁ የምላችሁ ይህ ነው። የማታውቁትን ጠይቁ፣ የምታውቁትን ደግሞ ማንም ቢንቀው አትጣሉት። እኔ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አጥፍቼ የሰው መኪና ላስጥል ነበር። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሺሞን ሙሳኹን ሲዘጋ ዳፉን ከግድግዳው ልጦ ሰጠኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ባለፈው ሺራ ልጇን ይዛ መጥታ ዕቃ ስትፈልግ አገኘችው። ዕብራይስጡን በአንድ ትንፋሽ አነበበችና ሳቀች። ቀጥሎ ጣቷን የኔ ጽሕፈት ላይ አደረገች። የኛን ፊደል አታነብም፤ እኛም ሳናስተምራት ቀረን።

«አባ፣ ማ ካቱቭ ፖ? እዚህ ጋ ምንድን ነው የተጻፈው?» አለችኝ። ሳታፍር ነው የጠየቀችኝ።

አጠገቤ አስቀመጥኳት። «መጀመሪያ» አልኳት፣ «ይሄ ከግራ ነው የሚነበበው።»